ያለ ሥራ ልምድ ለጋዜጣ ሪፖርተርነት ማመልከት፦ ከሐዋሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ሆነው ወደ ጋዜጣ ሥራ ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ምንም የሥራ ልምድ ሳይኖረኝ የጋዜጣ ሪፖርተር ሆኜ መቀጠር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ጋዜጣ ቤቶች "ጀማሪ ሪፖርተር" የሚሉት መደብ አለ። ዜሮ ዓመት ልምድ ያለውን ሰው የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ በዚህ መደብ ነው። በየጊዜው አይከፈትም፤ ሲከፈትም አመልካቹ ብዙ ነው።

አዘጋጁ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ልጅ ዛሬ ጠዋት ወደ አንድ ቦታ ብልከው ማታ የሚታተም ነገር ይዞልኝ ይመጣል ወይ? ይህን በዲግሪ ማሳየት አይቻልም፤ በተሠራ ዘገባ ግን ይቻላል። ዘገባ ለመሥራት ደግሞ መጀመሪያ መቀጠር አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የግድ ጋዜጠኝነት መማር አለብኝ?

የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የትምህርት መስፈርቱን ጠበቅ ያደርጉታል። ማስታወቂያቸው ላይ "በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተዛማጅ ሙያ" የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። የግል ጋዜጦች ላላ ይላሉ። ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ ግብርና ወይም ጤና ተምሮ መጻፍ የሚችል ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ የበጀት ሰነድ አንብቦ የሚረዳ ወይም የቡና ገበያ የገባው ሪፖርተር በቀላሉ አይገኝምና።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ይሰጣል። እዚያ እየተማራችሁ ከሆነ የመውጫ ፈተናውን እስክታልፉ አትጠብቁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ የሠራችኋቸው ዘገባዎች ስትመረቁ ከጓደኞቻችሁ አንድ እርምጃ ያስቀድሟችኋል።

ሐዋሳ ሆኜ የት ነው የማመለክተው?

እውነቱን ለመናገር ትልልቆቹ የአማርኛ ጋዜጦች ዝግጅት ክፍላቸው አዲስ አበባ ነው። ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን በኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ሥር ነው። ሪፖርተር እሑድና ረቡዕ፣ አዲስ አድማስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጡ የግል ጋዜጦች ናቸው። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣው በራሳቸው ገጽ፣ በድረ ገጻቸውና በቴሌግራም ቻናሎች ነው። ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን ሁልጊዜ ከዋናው ምንጭ አመሳክሩ። "ለምዝገባ ይህን ያህል ብር በዚህ ቁጥር አስገቡ" የሚል ካለበት ዝጉት፤ አጭበርባሪ ነው።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላ መንገድ አለ። ለአዲስ አበባ ጋዜጣ ከሐዋሳ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። 275 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ለሚሆን ነገር ሁሉ ሪፖርተር መላክ ለጋዜጣው ወጪ ነው። እዚሁ ያለ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ስልክ ሲደወልለት በባጃጅ ሄዶ አይቶ የሚመለስ ሰው ዋጋ አለው። ስለዚህ ከመቀጠር በፊት በፍሪላንስ ወይም በተባባሪ ዘጋቢነት ለመጻፍ ጠይቁ። ሻንጣ ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ዘመድ ቤት ተቀምጦ ሥራ ከመጠበቅ ይህ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በአዲስ አበባ ጉዳይ ከመቶ አመልካች አንዱ ናችሁ፤ በሐዋሳ ጉዳይ ግን የምታውቁትን የሚያውቅ ሌላ አመልካች ብዙ የለም።

ከተማው ውስጥም ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ አለ፤ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎትም ቅርንጫፍ አለው። ጋዜጣ አይደሉም፤ ግን የዜና አሠራር ይለመድባቸዋል። ከእነሱ ወደ ጋዜጣ መሻገር የተለመደ ነው።

ማስታወቂያው "2 ዓመት ልምድ" ካለ ልተወው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ተዉት። መስፈርቱን የማያሟላ ማመልከቻ በምዝገባው ላይ ይወድቃል፤ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አይደርስም። የግል ጋዜጣ ከሆነ ግን ሞክሩ። ለመደቡ ባትመጥኑም ሥራችሁን ያየ አዘጋጅ በሌላ ጊዜ ሊደውል ይችላል። ደብዳቤው ላይ ሁለት ዓመት እንደሌላችሁ በግልጽ ጻፉ። ሸፍናችሁ ካለፋችሁት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሆናል።

ምን ምን ወረቀት ማዘጋጀት አለብኝ?

ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ዲግሪ ወይም ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ መታወቂያና የዘገባ ናሙና። ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የማመልከቻ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀን ነው፤ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ወረቀት መሰብሰብ ከጀመራችሁ ይረፍድባችኋል። ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ።

የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ምን ልጻፍ?

ጀማሪ የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ለሙያው ካለኝ ጥልቅ ፍቅር የተነሣ"፣ "ጫናን ተቋቁሜ በቡድን መሥራት የምችል" ይላል። ይህን የማይጽፍ አመልካች የለም፤ ስለዚህ ስለ እናንተ የሚነግረው ነገር የለም። አዘጋጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የሚውል ሰው ነው፤ ደብዳቤያችሁንም የሚያነበው በዚያው ዓይን ነው። አንድ የፊደል ግድፈት፣ አንድ የተሳሳተ የጋዜጣ ስም በቂ ነው።

በግማሽ ገጽ ጨርሱት። ለምሳሌ እንዲህ፦ "የሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ለጀማሪ ሪፖርተርነት ለማመልከት ነው የምጽፈው። በጋዜጣ ቤት ተቀጥሬ አላውቅም። በራሴ ተነሣሽነት ግን ስለ አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች ገቢ፣ በአንድ ሰፈር ስላለ የውኃ መቆራረጥና ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች የቤት ኪራይ ሦስት ዘገባዎች ሠርቻለሁ፤ አያይዣለሁ። በእያንዳንዱ ላይ ያነጋገርኳቸው ሰዎች ፈቃደኛ ስለሆኑ ለማጣራት ከተፈለገ ስልካቸውን አቀርባለሁ። በጋዜጣችሁ ላይ ስለ ሐዋሳ የሚወጡ ዘገባዎችን እከታተላለሁ፤ የሠራተኞቹ ኑሮ ግን ሲነሣ አላየሁም።"

ቅጽል የለበትም፤ የሚጣራ ነገር ብቻ ነው ያለው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጋዜጣውን እንደምታነቡ ትናገራለች። ስለዚህ እውነት መሆን አለባት። ቢያንስ የጥቂት ሳምንታት እትሞችን ሳታነቡ ለማንም ጋዜጣ አታመልክቱ።

ታትሞ የማያውቅ ጽሑፍ እንደ ናሙና ይቆጠራል? ምን ላይ ልጻፍ?

ይቆጠራል፤ ዘገባ ከሆነ። ግጥም፣ ወግና "የወጣቱ ድርሻ ለአገር ግንባታ" ዓይነት ሐተታ አይቆጠርም። የማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየትም እንዲሁ። አዘጋጁ የሚፈልገው ከቤት ወጥታችሁ፣ ሰው አነጋግራችሁ፣ አመሳክራችሁ የጻፋችሁትን ነው።

ሐዋሳ በዘገባ ርዕስ የታደለች ከተማ ናት። አሞራ ገደልን ውሰዱ። ጎብኚ ሁሉ ሄዶ ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል። አንድ ቆሮሶ ከመረብ ወጥቶ ሳህን ላይ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል? አስጋሪው ስንት ይሸጠዋል፣ ደንበኛው ስንት ይከፍላል? ልዩነቱ የት ይቀራል? ለዚህ ሁለት ጠዋት ይበቃል፤ በማለዳ ሄዳችሁ ጀልባዎቹ ሲገቡ መገኘት ነው። ሐይቁ ራሱ ሌላ ርዕስ ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ከከተማውና ከፋብሪካው የሚለቀቅ ነገር ምን ይሆናል ብሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎችን መጠየቅ ይቻላል።

ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። በ2008 ዓ.ም ሐምሌ ሲመረቅ የአገር ተስፋ ተብሎ ተወርቷል። በ2014 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ ደግሞ ክፉኛ ተጎድቷል። ሁለቱንም ጊዜ የተጠቀሱት ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ናቸው። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩት ሴት ሠራተኞች ድምፅ የተሰማው በጥቂቱ ነው። አከራዩን፣ ሠራተኛዋን፣ የሰፈሩን ባለ ሱቅ አነጋግሩ። ጨርሳችሁ የፓርኩን አስተዳደር ጠይቁ። ይህ ሙሉ ዘገባ ነው።

ፍቼ ጫምባላላ ላይ መጻፍ የሚፈልግ ብዙ ነው። ዩኔስኮ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመዘገበው ታላቅ በዓል ነውና ይገባዋል። ነገር ግን "በጉዱማሌ በድምቀት ተከበረ" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ በየዓመቱ ይወጣል። ቀኑን ከዋክብት አይተው የሚወስኑትን አያንቶዎች አግኝታችሁ የዘንድሮው ቀን እንዴት እንደተወሰነ ብትጠይቁ ግን አንባቢ ያነበዋል።

በእያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑር፤ አንዱ ከሌላው ጋር የማይስማማ ቢሆን ይመረጣል። የሰው ስም ከነአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሰፈር ተጠይቆ ይጻፍ። ስም ስትጽፉ "በየትኛው ሀ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ቃል ይበቃል።

የጋዜጠኛ መታወቂያ የለኝም። ሰው እንዴት ያነጋግረኛል?

እውነቱን ንገሩት። "ጋዜጠኛ ለመሆን እየተዘጋጀሁ ነው፣ ለናሙና የሚሆን ዘገባ እየሠራሁ ነው፣ ላይታተም ይችላል" በሉ። አብዛኛው ሰው ያነጋግራችኋል፤ በተለይ ስለ ሥራውና ስለ ኑሮው ሲጠየቅ። የማትሠሩበትን ጋዜጣ ስም ጠርታችሁ መረጃ መውሰድ ግን ማታለል ነው። ያንን ጋዜጣ መልሳችሁ ልታመለክቱበት እንደምትችሉም አትርሱ።

ቢሮዎች ጋ ስትሄዱ "ከየት ነው የመጣኸው? ደብዳቤ አለህ?" መባል አይቀርም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት አስገቡ፤ በኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስደርጉ። በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። ባይመልሱም "በዚህ ቀን በጽሑፍ ጠይቀን መልስ አላገኘንም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ራሱ የዘገባው አካል ነው።

የጽሑፍ ፈተናው ምን ይመስላል?

በብዛት የሚሰጠው ይህ ነው፦ የተዝረከረከ መረጃ፣ ለምሳሌ መግለጫ ወይም የስብሰባ ንግግር ይሰጧችሁና በ45 ደቂቃ ወይም በአንድ ሰዓት ዜና አድርጋችሁ ጻፉ ይላሉ። የትርጉም ፈተና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሊጨመር ይችላል። ወቅታዊ ጉዳይም ይጠየቃል።

ፈተናው የሚወድቀው መግቢያው ላይ ነው። ልምድ የሌለው ሰው መረጃውን በመጣበት ቅደም ተከተል ይጽፋል፦ "የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከባለድርሻ አካላት ጋር የውይይት መድረክ አካሄደ። በመድረኩ ላይ ንግግር ያደረጉት ኃላፊ እንደገለጹት…" ይህን ያነበበ ሰው ስብሰባ እንደነበር እንጂ ምን እንደተወሰነ አላወቀም። ወረቀቱን እስከ ታች ስታነቡ አራተኛው ገጽ ላይ ባጃጆች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በዋናው አስፋልት እንዳይሠሩ ተወስኗል ይላል እንበል። ዜናው ይኼ ነው። "ባጃጆች ከመጪው ወር ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በዋናው አስፋልት እንዳይሠሩ ተከለከለ" ብላችሁ ጀምሩ። ማን ወሰነ፣ ለምን፣ ሹፌሮቹ ምን አሉ የሚለው ይከተል። ስብሰባው በመጨረሻ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ለልምምድ የማንኛውንም ቢሮ የፌስቡክ ገጽ ክፈቱ። አንድ መግለጫ ወስዳችሁ በሦስት አጭር አንቀጽ መልሳችሁ ጻፉት። በየቀኑ አንድ ብታደርጉ በወር ውስጥ ለውጡን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። በኮምፒውተር አማርኛ መተየብም ልመዱ፤ ፈተናው ላይ ፊደል ስትፈልጉ ሰዓቱ ያልቃል።

ሲዳምኛ አለመቻሌ ይጎዳኛል?

ለአማርኛ ጋዜጣ አያግድም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን ሲዳሙ አፎ ነው፤ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብላችሁ ቡና አምራች ገበሬ ማነጋገር ስትፈልጉ አማርኛ ብቻ አያደርሳችሁም። የምትችሉ ከሆነ ሲቪያችሁ ላይ ከላይ አስቀምጡት። የማትችሉ ከሆነ ተማሩ። አስተርጓሚ ስትጠቀሙም በዘገባው ላይ ግለጹ።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያስጻፍኩትን ናሙና ብልክስ?

አትላኩ። ቃለ መጠይቅ ላይ "ይቺን ሴት የት አገኘሃት? ምን ለብሳ ነበር? ያልጻፍከው ምን ነገረችህ?" ብለው ሲጠይቁ መልስ የለም። ደግሞም ሪፖርተር የሚቀጠረው ከቦታው ሄዶ እንዲያይ ነው። የፊደል ግድፈት ለማረም ወይም ረጅም የእንግሊዝኛ ሰነድ በፍጥነት ለመረዳት ብትጠቀሙበት ችግር የለውም፤ ቁጥሩንና ስሙን ግን ከራሱ ከሰነዱ አረጋግጡ።

"መጀመሪያ በነፃ ሥራ" ቢሉኝ ልቀበል?

አጭር የተግባር ልምምድ ከሆነ፣ የሚያበቃበት ቀን ካለውና የሚያርማችሁ አዘጋጅ ካለ ተቀበሉ። ስማችሁ በጽሑፉ ላይ እንዲወጣም ጠይቁ። ማብቂያ የሌለው "እስቲ እናያለን" ግን አይጠቅማችሁም። በፍሪላንስ ከሆነ ለአንድ ጽሑፍ ስንት፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ፎቶና ትራንስፖርት ለብቻው መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል አስፍሩ።

ቅጥር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም መብለጥ የለበትም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዝ ይከፈለዋል።

ስብሰባ ስዘግብ አበል ቢሰጡኝስ?

ይህ ቃለ መጠይቅ ላይም ይጠየቃል፤ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ በተግባር ይገጥማችኋል። ከተማዋ የስብሰባ ከተማ ናት። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሐይቅ ዳር ባሉ ሆቴሎች መድረክ ያዘጋጃሉ፤ ለጋዜጠኛ "የትራንስፖርት" ተብሎ ፖስታ ይሰጣል። ሁሉም ስለሚወስድ ትክክል ይመስላል። ደመወዙ ዝቅተኛ ለሆነ ጀማሪ ፈተናው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኪራይ የሚከፈለው በእሱ የሚሆንበት ወር አለ።

ቢሆንም አትውሰዱ። ከመድረኩ አዘጋጅ ገንዘብ የተቀበለ ሰው "ይህ ፕሮጀክት ለምን ዘገየ?" ብሎ መጠየቅ ይከብደዋል። የሚጎዳውም መድረኩ ላይ ያልተጠራው፣ የውኃ ቧንቧው የደረቀበት ሰውዬ ነው። ወጪ ካለባችሁ ከራሳችሁ ጋዜጣ ጠይቁ። እንቢ ስትሉም ሰው በማያሳፍር መንገድ ይሁን፤ "አመሰግናለሁ፣ ቢሮዬ ይሸፍንልኛል" ማለት ይበቃል። ቃለ መጠይቅ ላይ ከተጠየቃችሁ ደግሞ ይህንኑ በቀጥታ መልሱ።

ቤተሰቦቼ "ጋዜጠኝነት ያሳስራል" ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ስጋታቸው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በአገራችን ጋዜጠኞች በሥራቸው ምክንያት ታስረው ያውቃሉ፤ ይህን ሸፍኖ ለወጣት መምከር ተገቢ አይደለም። ሕጉን ማወቅ ግን ይረዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የፕሬስ ነፃነትን ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል ሳይሆን በፍትሐ ብሔር እንዲታይ አድርጓል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወንጀል ቅጣት አለው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተሰራጨ ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ የግል ገጻችሁ ላይ ያልተጣራ ነገር አትለጥፉ። ቀጣሪም ገጻችሁን ያያል።

ጀማሪ ሪፖርተር በመጀመሪያው ዓመት የሚሠራው በአብዛኛው የገበያ ዋጋ፣ የትምህርት፣ የጤና፣ የስፖርትና የከተማ አገልግሎት ዜና ነው። ግጭት ያለበት ቦታ ብቻችሁን እንድትሄዱ ከታዘዛችሁ እንቢ በሉ፤ ከመቀጠራችሁ በፊትም "እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ለሪፖርተሩ ምን ታደርጉለታላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለቤተሰቦቻችሁም ንገሯቸው።

አመልክቼ መልስ ካልመጣስ?

ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ አንድ አጭር መልእክት ላኩ፤ በውስጡ ግን አዲስ ዘገባ አያይዙ። "ማመልከቻዬ ደረሰ ወይ?" ከሚል መልእክት ይልቅ "ከሐዋሳ ይህን ሠርቻለሁ፣ ለማክሰኞ ላደርስላችሁ እችላለሁ" የሚለው መልስ ያገኛል። ያኛው ጋዜጣ ዝም ካለ ዘገባውን ለሌላ ስጡት። ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጋዜጣ ግን አትላኩ፤ ሁለቱም ካተሙት ሁለቱንም ታጣላችሁ።